መጽሐፉ ለክፍሉ ይመጥናል ወይ?

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባ፣ በበሌና በጠበላ፣ በየገጠር ቀበሌውም የምታስተምሩ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምትልኩ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንደኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ነው። ልጆቻችን የሚማሩበት መጽሐፍ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት፣ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የሚቀርበው ፈተና፣ ሦስቱም ለክፍሉ ከተቀመጠው ደረጃ ጋር ይጣጣማሉ ወይ? ይህን እንዴት እናውቃለን?

ጥያቄውን መመለስ የሚችለው ከአዲስ አበባ ወይም ከክልል የሚመጣ ባለሙያ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ በብዙ ትምህርት ቤት ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአንድ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ውስጥ ያሉ አራት ወይም አምስት የሒሳብ መምህራን አንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ቢቀመጡ፣ ስለሚያስተምሩበት መጽሐፍ ከማንም የተሻለ ምስክርነት መስጠት ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው ምን ማየት እንዳለባቸው ማወቅ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ፤ የምታስተምሩበት ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አጠገባችሁ ካለም አቅርቡት።

በመጀመሪያ መመዘኛውን እንወቅ። በአገራችን ለየክፍሉ የተቀመጠ መስፈርት አለ፤ ዝቅተኛ የመማር ብቃት ይባላል። አንድ ተማሪ ክፍሉን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ቢያንስ ምን ማወቅና ምን መሥራት እንዳለበት በየነጥቡ የሰፈረበት ሰነድ ነው። ከእርሱ ጋር መርሐ ትምህርቱ አለ፤ ይዘቱን በምዕራፍ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚበቃ ይነግረናል። የተማሪው መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ የሚዘጋጁት እነዚህን ተከትለው ነው። ታዲያ መጽሐፉን ብቻ ይዞ የሚያስተምር መምህር የሥራውን መነሻ አላየም ማለት ነው። ሰነዱ ትምህርት ቤታችሁ ከሌለ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ አንድ ቅጂ አስወጡ። ያለ እርሱ የሚደረግ ግምገማ የግል አስተያየት ሆኖ ይቀራል።

የእትሙንም ዘመን ማየት አለባችሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር። አዲሱ አወቃቀር ግን 6፣ 2፣ 4 ነው፤ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ተሞክሮ በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ስለዚህ በአንድ መደርደሪያ ላይ የቀድሞው ክልል ስም ያለበት የድሮ መጽሐፍና የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ጎን ለጎን ቆመው ሊገኙ ይችላሉ። አዲሱን የመማር ብቃት ይዞ አሮጌውን መጽሐፍ መመዘን፣ ወይም ግልባጩ፣ ጊዜ ማባከን ነው። ሽፋኑን ገልጣችሁ የታተመበትን ዓመት ካያችሁ በኋላ ሥራ ጀምሩ።

(አጭር ዜማ)

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ አንድ ሁላችንም የምናስታውሰውን ነገር ላንሣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ክብደት ብዙ ተባለ። ወደ ታችኞቹ ክፍሎች የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። አገር አቀፉ የትምህርት ቅበላ ጥናት በ4ኛና በ8ኛ ክፍል መካሄድ ከጀመረበት ከ1992 ዓ.ም. አንሥቶ፣ በየዙሩ የ4ኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ ውጤት ከሚጠበቀው 50 በመቶ በታች ነበር። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከስምንት ዓመት በፊት የ4ኛ ክፍል ተማሪ እንደነበር አንርሳ። ያኔ ያልገባው ክፍልፋይ አብሮት አድጎ በአልጀብራ ጥያቄ ውስጥ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መጽሐፍን ከመስፈርት ጋር ስናስተያይ ብዙዎቻችን የምናደርገው ማውጫውን መክፈት ነው። መስፈርቱ «ክፍልፋዮች» ይላል፤ መጽሐፉም «ምዕራፍ አራት፦ ክፍልፋዮች» ይላል። አለ ብለን ምልክት እናደርጋለን። «መቀነስ» አለ፤ ምልክት። «ልኬት» አለ፤ ምልክት። በአሥር ደቂቃ ገጹ በምልክት ይሞላና መጽሐፉ መቶ በመቶ ይጣጣማል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

እኔ የምመክራችሁ የምዕራፉን ርእስ ለጊዜው ትታችሁ የብቃቱን ግስ እንድታዩ ነው። እያንዳንዱ ብቃት የሚያበቃው በግስ ነው፤ ይቆጥራል፣ ይለያል፣ ያነጻጽራል፣ ያሰላል፣ ያብራራል፣ ችግር ይፈታል። ያንን ግስ በወረቀታችሁ በግራ በኩል ጻፉ። ከዚያ የመጽሐፉን ማብራሪያ ሳይሆን መልመጃውን ክፈቱ። መልመጃው ልጁን ምን አድርግ ይለዋል? ያንን ግስ ደግሞ በቀኝ በኩል ጻፉ። ሁለቱን ግሶች ስታስተያዩ የምታገኙት ነገር ማውጫው ፈጽሞ አያሳያችሁም።

ለምሳሌ ብቃቱ «ተማሪው ክፍልፋዮችን ያነጻጽራል» ይበል። መልመጃውን ስትከፍቱ ሃያ ሥዕሎች አሉ እንበል፤ ክቡ ለአራት ተከፍሎ አንዱ ጠቁሯል፣ አራት ማዕዘኑ ለሦስት ተከፍሎ ሁለቱ ጠቁረዋል። ትእዛዙ «የጠቆረውን በክፍልፋይ ጻፍ» ነው። ይህ ማንበብና መሰየም ነው። ሃያውንም በትክክል የሠራ ልጅ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ላያውቅ ይችላል። እንዲያውም ብዙዎቹ አንድ አራተኛ ይበልጣል ይላሉ፤ 4 ከ3 ይበልጣልና። ምክንያት አላቸው፤ ለሦስት ዓመት ስለ ሙሉ ቁጥር የተማሩት ሁሉ እንዲያ እንዲያስቡ አድርጓቸዋል። መጽሐፉ ያንን ሐሳብ የሚፈትን ጥያቄ ካላቀረበ ማነጻጸር አልተማሩም፤ የምዕራፉ ርእስ ምንም ይበል ምን።

እዚህ ላይ የወላይታ ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ። ዞናችን በአገሪቱ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ማሳው ጠባብ ነው፤ አባት መሬቱን ለወንዶች ልጆቹ ሲያካፍል ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። «አንዱ አባት መሬቱን ለሦስት ልጆች እኩል አካፈለ፤ ጎረቤቱ እኩል ስፋት ያለውን መሬት ለአራት ልጆች አካፈለ፤ ከየትኛው አባት የተወለደ ልጅ ሰፋ ያለ መሬት ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ወዲያው ይመልሳል። ከዚያ «አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ» የሚለውን በሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ መልሱን ከራሱ መልስ ጋር ያገናኝ። ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ ባይኖር እናንተ ልትጨምሩት ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ እንደጎደለ ማወቅ ነበረባችሁ።

ሁለተኛውን ምሳሌ ጻፉልኝ። 402 ሲቀነስ 178። እደግመዋለሁ፤ አራት መቶ ሁለት፣ ሲቀነስ፣ አንድ መቶ ሰባ ስምንት። ትክክለኛው መልስ 224 ነው። በየክፍሉ ግን 376 የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ከየት መጣ? ልጁ ከአንድ ቤት ጀመረ፤ ከ2 ላይ 8 አልቀነስ አለው፤ ስለዚህ ገልብጦ ከ8 ላይ 2 ቀንሶ 6 ጻፈ። ወደ አሥር ቤት ሄደ፤ 0 እና 7፤ ገልብጦ 7 ጻፈ። መቶ ቤት ላይ ከ4 ላይ 1 ቀንሶ 3 ጻፈ። ሦስት መቶ ሰባ ስድስት። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አሃዞቹ በቤታቸው ተሰልፈዋል። ልጁ ያጣው የቦታ ዋጋን ነው፤ በ402 ውስጥ ያለው 4 አርባ አሥሮች መሆኑን፣ ከአርባዎቹ አንዱን አሥር ወስዶ ወደ አንድ ቤት ማምጣት እንደሚቻል አያውቅም። ግምትም አልተማረም፤ ከአራት መቶ ላይ ሁለት መቶ ገደማ ሲወሰድ አራት መቶ ገደማ ሊቀር እንደማይችል ቢያስብ ኖሮ መልሱን ራሱ ይጠረጥር ነበር።

አሁን የመቀነስ ምዕራፉን መልመጃዎች ቁጠሩና በሦስት ክፈሏቸው። በመጀመሪያው ምድብ መበደር የማያስፈልጋቸው፣ እንደ 48 ሲቀነስ 23 ያሉ። በሁለተኛው አንዴ የሚያስበድሩ፣ እንደ 52 ሲቀነስ 27። በሦስተኛው መሐል ላይ ዜሮ ያለባቸው፣ እንደ 402 ሲቀነስ 178። ሠላሳ መልመጃ ኖሮ ሃያ አምስቱ በመጀመሪያው ምድብ ቢወድቁ፣ ሦስተኛው ምድብ ባዶ ቢሆን፣ መጽሐፉ «ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮችን ይቀንሳል» የሚለውን ብቃት በስም እንጂ በሥራ አልሸፈነውም። ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። መቁጠር ይበቃል።

(አጭር ዜማ)

የመጽሐፍ ሽፋን ላይ «ተጣጥሟል» የሚል ቃል ማመን የማይበቃው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የጋራ የሒሳብ መስፈርት ወጥቶ ከ40 በላይ ግዛቶች ሲቀበሉት፣ አሳታሚዎች መጽሐፎቻቸው ከመስፈርቱ ጋር የተጣጣሙ መሆናቸውን በሽፋኑ ላይ መጻፍ ጀመሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤድሪፖርትስ የተባለ ገለልተኛ ድርጅት መምህራንን አሰባስቦ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ ሲያስገመግም፣ በመጀመሪያው ዙር ከታዩት አብዛኞቹ መለኪያውን አላለፉም። የገምጋሚዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ መጽሐፉ የክፍሉን ዋና ሥራ በቂ ጊዜ ሰጥቶታል ወይስ ብዙ ርእስ እየነካካ አልፏል የሚል ነበር። ገምጋሚዎቹ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ስለ ጊዜ ከተነሣ የራሳችንን የትምህርት ዘመን እናስላ። በሳምንት 5 የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ በዓመት 34 ሳምንት ብንይዝ 170 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ይህ በወረቀት ነው። መስከረም ላይ ጊፋታ አለ፣ መስቀልም አለ፤ ልጁ ከበዓል ተመልሶ፣ ደብተር ተገዝቶ፣ ክፍሉ ሞልቶ ትምህርቱ መልክ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። የፈተና ሳምንቶች አሉ፤ የስብሰባ ቀኖች አሉ፤ ገጠር ላይ የእርሻው ሥራ ሲጠና የሚቀሩ ልጆች አሉ። ከ170 ውስጥ በእውነት ያስተማራችሁባቸው ስንት ናቸው? ያለፈው ዓመት የመምህር መዝገባችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ የቆጠራችሁትን መርሐ ትምህርቱ ለየምዕራፉ ካስቀመጠው ጋር አስተያዩ።

በብዙ መጽሐፍ ልኬት፣ ጂኦሜትሪና መረጃ አያያዝ የሚመጡት በመጨረሻ ነው፤ ሰኔ ደርሶ የሚቀሩትም እነርሱ ናቸው። አንድ ልጅ በየዓመቱ የመጨረሻው ምዕራፍ እየተቆረጠበት ስድስተኛ ክፍል ቢደርስ፣ በሰነዱ መሠረት ዙሪያና ስፋትን ደጋግሞ የተማረ ነው፤ በእውነቱ ግን አንዴም አልተማረም። መጽሐፉ የተጣጣመ ቢሆን እንኳ በክፍል ውስጥ የተሰጠው ትምህርት አልተጣጣመም። ይህን በግምገማችሁ ላይ ለብቻው ጻፉት፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ለምሳሌ ልኬትን ከመጨረሻ አንሥቶ ከማባዛት ቀጥሎ ማስተማር የጉድኝቱ መምህራን ተስማምተው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው፤ አራት ማዕዘን ማሳ ስፋቱ የሚገኘው በማባዛት ነውና ሁለቱ ተደጋግፈው ይሄዳሉ።

ፈተናውንም አንርሳ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት የሰጣችሁትን ፈተና አውጡና እያንዳንዱ ጥያቄ የትኛውን ብቃት እንደሚለካ ጎኑ ላይ ጻፉ። የአሜሪካው ተመራማሪ ኖርማን ዌብ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ መለኪያዎች አዘጋጅተዋል፤ ሁለቱ ለእኛ በቀጥታ ይጠቅማሉ። አንድ የይዘት ክፍል በፈተናው ተለክቷል ለማለት ቢያንስ 6 ጥያቄ ያስፈልገዋል ይላሉ። ከጥያቄዎቹ ደግሞ ቢያንስ ግማሾቹ ብቃቱ በሚጠይቀው ጥልቀት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ብቃቱ «ችግር ይፈታል» ብሎ ፈተናው በሙሉ የምርጫ ስሌት ከሆነ፣ ከአምሳ ጥያቄ አርባ አምስቱን የመለሰ ልጅ ችግር ይፍታ አይፍታ አናውቅም።

ችግር መፍታት ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላሳይ። «አንዲት እናት ስኳር ድንች ኪሎውን በ25 ብር ሂሳብ 6 ኪሎ ሸጡ። ለልጃቸው የ200 ብር ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ይፈልጋሉ። ስንት ብር ይጎድላቸዋል?» እዚህ ልጁ 6 በ25 ማባዛት እንዳለበት ማንም አልነገረውም። 150 ካገኘ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ከ200 ላይ ቀንሶ 50 ማለት አለበት። «25 ሲባዛ በ6» ተብሎ ቢጠየቅ በቀላሉ የሚመልስ ልጅ እዚህ ላይ 25ን፣ 6ንና 200ን ደምሮ 231 ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ሁለት የተለያየ ብቃት ነው የሚለኩት።

ጁልየስ አቱሁራና ሚሼል ካፈንበርገር የተባሉ ተመራማሪዎች በዑጋንዳና በታንዛኒያ የአንደኛ ደረጃ መስፈርቱን፣ ፈተናውንና የክፍል ውስጥ ትምህርቱን ጎን ለጎን ለክተው መጣጣሙ ዝቅተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ፈተናው መስፈርቱን ካልተከተለ መስፈርቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በእኛ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፤ የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰብስባችሁ በዚሁ መንገድ ብትፈትሿቸው ለልጆቹም ለፈተና አዘጋጆቹም ትጠቅማላችሁ።

(አጭር ዜማ)

በወላይታ ይህን ሥራ ስንሠራ የምንጨምረው አንድ ጥያቄ አለ፤ የቋንቋ ጥያቄ። በዚህ ላይ የራሳችን መራራ ታሪክ አለን። በ1992 ዓ.ም.፣ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በነበርንበት ጊዜ፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች መጣ። የሶዶ ሕዝብ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የዚያን ጊዜ መጽሐፍ አዘጋጆች ሰነዳቸውን ከሰነድ ጋር አስተያይተው ሊሆን ይችላል። በዚያ መጽሐፍ የሚማረው ልጅ፣ የሚያስተምረው መምህርና ወላጁ ግን አልተቀበሉትም። በቀበሌው መምህር እጅ ሳያልፍ የጸደቀ መጽሐፍን ተጣጥሟል ማለት ለእኔ የሚከብደኝ ይህን ስለማስብ ነው።

በቀድሞው ደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። በእናንተ ትምህርት ቤት አሁን ሽግግሩ የሚመጣው በየትኛው ክፍል ነው? ያንን ክፍልና ከእርሱ በፊት ያለውን ክፍል መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርጉ። የላይኛው ክፍል መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች የታወቀውን ይዘት በአዲሱ ቋንቋ ለማስለመድ ያውላቸዋል ወይስ አዲስ ይዘትና አዲስ ቋንቋን በአንድ ገጽ ይጭናል? የቃላት ጥያቄዎቹ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል ይዟል? ከዚያ ያንኑ የስኳር ድንች ጥያቄ በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ አንዱን በወላይታ ቋንቋ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ። ግማሹ ክፍል አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይሥራ። በወላይታ ቋንቋ የሠሩት መልሰው በእንግሊዝኛ የሠሩት ካቃታቸው፣ የጎደለው ሒሳብ አይደለም፤ በሒሳብ ውጤታቸው ዝቅ ማለትም የለባቸውም።

ስለ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይታ ቋንቋን ማንበብ የተማሩ አያቶች የተማሩት በግእዝ ፊደል ነበር። የዛሬው ልጅ የሚማረው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ አያቱ የልጅ ልጃቸውን የቋንቋ መጽሐፍ ለማገዝ ይቸገራሉ። የሒሳብ መጽሐፉ ቁጥሮች ግን ያው ናቸው። በገበያ የኖሩ ሰዎች ሂሳብ ያውቃሉና፣ ማታ ማታ ልጁን «402 ብር ነበረኝ፣ 178 ብር አወጣሁ፣ ስንት ቀረኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘውም ይንገራችሁ።

አሁን ከመምህራን ዘወትር የሚነሣውን ጥያቄ ልመልስ። መጽሐፉ ከመስፈርቱ ጋር ቢጣጣምስ፣ ልጆቹ ግን ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ቢሆኑስ? እውነተኛ ጥያቄ ነው። ላንት ፕሪቼትና አማንዳ ቢቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት ከልጆቹ የመማር ፍጥነት በላይ ሲሮጥ ብዙ ልጆች መሐል መንገድ ላይ ቀርተው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክፍል ቢያልፉም የሚጨምሩት እውቀት እጅግ ጥቂት እንደሚሆን አሳይተዋል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ለዚህ ችግር ልጆችን በቀኑ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ አቧድኖ የማስተማር ዘዴ አስፋፍቷል።

የእኔ ምክር ሁለቱን ግኝቶች በአንድ ወረቀት እንዳትቀላቅሉ ነው። አንዱ ወረቀት መጽሐፉ ከመስፈርቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ይናገር። ሌላው ልጆቻችሁ ከመስፈርቱ ምን ያህል እንደራቁ ይናገር። ልጆቹ ደክመዋልና መጽሐፉን እናቅለው ማለት የወላይታን ልጅ ከአዲስ አበባው ወይም ከባሕር ዳሩ እኩያው በታች እንዲማር መፍረድ ነው፤ ይህን ፈጽሞ አልደግፍም። ይልቅ የዓመቱን የመጀመሪያ ሳምንታት ለመለያ ፈተናና ለማካካሻ አውሉ። በመለያው ፈተና የቀድሞውን ክፍል ጥያቄ ስጡ፤ 4ኛ ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ የ3ኛንና የ2ኛን። ያ 376 የሚለው መልስ ስንት ደብተር ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ታያላችሁ።

ለማጠናቀቅ፣ ግኝታችሁን እንዴት እንደምትጽፉት። «መጽሐፉ ጥሩ ነው» ወይም «መጽሐፉ ደካማ ነው» የሚል ዘገባ ለማንም አይጠቅምም። ብቃቱን እንዳለ ገልብጡ፤ የገጹን ቁጥር፣ የመልመጃውን ቁጥር፣ መልመጃው የሚጠይቀውን ግስ አስከትሉ። ጎደለ የምትሉትን ከጻፋችሁ በኋላ ራሳችሁ ያዘጋጃችሁትን ሦስት ወይም አራት ማሟያ ጥያቄ አያይዙ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ላኩ፤ አንዱ በጉድኝት ማዕከሉ ይቀመጥ። የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት የሚዘጋጁት በክልል ደረጃ ስለሆነ፣ ከሶዶ ዙሪያ፣ ከዳሞት ጋሌ፣ ከቦሎሶ ሶሬ በገጽና በቁጥር የተደገፈ አስተያየት ሲደርስ በሚቀጥለው እትም የመታረም ዕድል አለው። እትሙ እስኪመጣ ማሟያ ጥያቄዎቹን በጉድኝቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ተለዋወጡና ከሰኞ ጀምሮ አስተምሩባቸው።

በአንድ ምዕራፍ ጀምሩ። መጽሐፉን በሙሉ ልገምግም ያለ ቡድን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይደክማል፤ ክፍልፋይን ብቻ የያዘ ግን ይጨርሳል። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ለክፍልፋይ ምዕራፍ ማሟያ ጥያቄ አዘገጃጀትን በዝርዝር እናያለን፤ የየክፍላችሁን የመማር ብቃት ሰነድ ይዛችሁ ጠብቁን።

(የመዝጊያ ዜማ)